ጠባይና ወንጀል፦ የአንድ መለኪያ ታሪክ

የሰው ሥራ ከጠባዩ የሚመነጭ መሆኑን ማንም አይክድም። አባቶቻችን «ዐመል ያወጣል ከመሐል» ሲሉ፣ ደግሞም «ዐመልን በጉያ፣ ስንቅን በአህያ» እያሉ ሲመክሩ የኖሩት ክፉ ጠባይ ባለቤቱን ከማኅበር እንደሚለየው በማወቃቸው ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚናገረው ጠባዩ በሥራ ከተገለጠ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። ሥራው ከመታየቱ በፊት የሰውየውን ፊት አይቶ፣ ራሱን ለክቶ ወይም መጠይቅ አስሞልቶ «ይህ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል» ለማለት ይቻላልን? ይህ ከተረቱ ፈጽሞ የተለየ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። መልሱ «ይቻላል» ከሆነ፣ ሰው ባልሠራው ሥራ ሊጠረጠር፣ ለአንድ ጥፋት የሁለት ጥፋት ቅጣት ሊቀበል፣ ከዚያም አልፎ ልጅ እንዳይወልድ ሊደረግ ይችላል። እነዚህ በሐሳብ የተፈጠሩ ሥጋቶች ሳይሆኑ፣ ወደ ታች እንደምንመለከተው፣ በእርግጥ የተፈጸሙ ናቸው። መልሱ «ፈጽሞ አይቻልም» ከሆነ ደግሞ፣ በጠባይና በወንጀል መካከል ያለውን እውነተኛ ግንኙነት ክደን፣ በልጅነታቸው ሊረዱ የሚችሉትን ሰዎች ሳንረዳ እንቀራለን።

ስለዚህ ጉዳይ የሕግ ዐዋቂ ወይም የሥነ ልቡና ሊቅ መጻፍ ሲገባው መሐንዲስ ብዕር ማንሣቱ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የጉዳዩ ታሪክ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወዲህ በአብዛኛው የመለካት ታሪክ ነው፤ መለካት ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። በመሣሪያ የተገኘ ቍጥር ምን ያህል እንደሚከበር፣ ምን ያህልም ሊያሳስት እንደሚችል በየዕለቱ የምናየው እኛ ነን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ካልተጨመረበት በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የቪሌላ የራስ ቅል

ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1835 በሰሜን ኢጣልያ በቬሮና ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በጦር ሠራዊት ውስጥ በሐኪምነት ያገለግል በነበረበት ጊዜ፣ ኢጣልያ በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ፣ በደቡብ በኩል ወደምትገኘው ወደ ካላብሪያ ተላከ። በዚያን ጊዜ ደቡቡ በሽፍትነትና በውጊያ የታመሰ፣ ሕዝቡም በድህነት የተጐዳ ነበር። ወጣቱ ሐኪም የወታደሮችን ሰውነት እየለካ ይመዘግብ፣ ገላቸው ላይ ያለውንም ንቅሳት እየተመለከተ ስለ ጠባያቸው ያጠና ነበር።

በ1870 ገደማ የመረመረው አንድ የራስ ቅል የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነው። ቅሉ ጁዜፔ ቪሌላ የተባለ፣ በካላብሪያ ተወልዶ፣ ተፈርዶበት በሰሜን ኢጣልያ የሞተ ሰው ነበር። ሎምብሮዞ ሽፍታ አድርጎ ቢያቀርበውም፣ የኋላ ዘመን የታሪክ ተመራማሪዎች መዛግብቱን አገላብጠው ያገኙት በስርቆት የተፈረደበት የገጠር ድሃ ነው። በዚህ ቅል የማጅራት አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በመካከሉ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ የማይታይ ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ነበረ። እንዲህ ያለው ጎድጓዳ በአንዳንድ እንስሳት ላይ ይገኛል። ሎምብሮዞም ከዚህ ተነሥቶ፣ ወንጀለኛ ማለት በሠለጠነ ኅብረተሰብ መካከል የተወለደ የጥንት አውሬያዊ ሰው ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። የዳርዊን መጽሐፍ በ1859 ታትሞ ስለ ነበር፣ ሐሳቡ በጊዜው ሳይንስ ላይ የቆመ መሰለ።

«ወንጀለኛው ሰው» የተባለው መጽሐፉ በ1876 ታተመ። የመጀመሪያው እትም 250 ገጽ ገደማ ሲሆን፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ የወጣው አምስተኛው እትም በብዙ ቅጽ የተከፈለና ከ1,900 ገጽ የሚበልጥ ነበር። ገጹ በበዛ ቍጥር ምልክቶቹም በዙ፦ ትልቅ መንጋጋ፣ ያልተስተካከለ ጆሮ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ግንባር፣ ረጅም ክንድ። ሎምብሮዞ ግን በአካል ብቻ አልቆመም። ጸጸት ማጣትን፣ ጭካኔን፣ ከንቱ ውዳሴን መውደድን፣ በቀለኝነትን፣ አርቆ አለማሰብን፣ ለሕመም ደንታ ማጣትን ከምልክቶቹ ጋራ ቈጠረ። እንግዲህ የራስ ቅሉ መለኪያና የጠባዩ መለኪያ መንታ ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ አንደኛው ሲሞት ሁለተኛው በሕይወት ቈየ።

ለሎምብሮዞ ሊነገርለት የሚገባም አለ። ከእርሱ በፊት የሕግ ሊቃውንት የሚያጠኑት ወንጀሉን ነበር፤ እርሱ ወንጀለኛውን፣ ሰውየውን፣ እንዲያጠኑ አስገደዳቸው። በኋላ ዘመኑም «በተፈጥሮው ወንጀለኛ» ሊባል የሚገባው ከወንጀለኞች ሁሉ ሲሦ ያህሉ እንደ ሆነ በመናገር የቀድሞ ሐሳቡን አለዝቧል፤ የድህነትንና የአስተዳደግንም ድርሻ አልካደም። ስሕተቱ በመለካቱ ሳይሆን፣ የለካውን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ ባለመጠየቁ ነበር።

ያልተደረገው ንጽጽር

ተቃውሞው ገና ከጅምሩ ተነሣ። የወንጀል አንትሮፖሎጂ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1885 በሮማ በተሰበሰበ ጊዜ፣ የሊዮኑ ሐኪም አሌክሳንድር ላካሳኝ ወንጀለኛን ከተህዋሲያን ጋር አመሳሰለው። ተህዋሲያን የሚራባበት ምግብ እስካላገኘ ድረስ ጉዳት እንደማያደርስ ሁሉ፣ ወንጀለኛም የሚያፈራው ኅብረተሰብ ሲያገኝ ነው የሚነሣው ሲል ተከራከረ። በ1889 በፓሪስ በተደረገው ሁለተኛው ጉባኤ ላይ ደግሞ ሌዎንስ ማኑቭሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት የሎምብሮዞን ምልክቶች አንድ በአንድ እያነሣ ነቀፈ። ክርክሩም በመጨረሻ ወደ አንድ ነጥብ አመራ፦ እስረኞች ሲለኩ ቈይተዋል፤ በንጽሕና የሚኖሩ ሰዎችስ በዚያው መለኪያ ተለክተዋልን?

ጉባኤው 100 ወንጀለኞችንና 100 ንጹሓንን ጎን ለጎን መርምሮ ውጤቱን ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርብ ኮሚሲዮን መረጠ። ሎምብሮዞ ራሱ ከተመረጡት አንዱ ነበር። ሦስተኛው ጉባኤ በ1892 በብራስልስ ሲሰበሰብ ግን ንጽጽሩ አልተደረገም ነበር፤ ሎምብሮዞና ተከታዮቹም ከስብሰባው ቀሩ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ለመናገር፣ ቤንች ማርክ ሳይኖር ሌቭል ተተክሎ ብዙ ንባብ ተወስዷል ማለት ነው። ንባቡ በትክክል የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ከፍታው ግን የሚነግረን ነገር የለም።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በፓሪስ፣ ተመሳሳይ መሣሪያ ለሌላ ጉዳይ ይሠራበት እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። በፓሪስ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የታሳሪዎችን ሰውነት በ11 ልኮች ይመዘግብ ነበር። ዓላማው ስሙን ለውጦ ዳግመኛ የተያዘውን ሰው ከቀድሞ መዝገቡ ጋር ማገናኘት ነበር። የእርሱ ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ የሎምብሮዞ ግን «ይህ ሰው ምን ዐይነት ነው?» የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለኪያ ሊመልሰው ይችላል፤ ኋላም የጣት አሻራ የቤርቲዮንን ዘዴ ተክቶ ከእርሱ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ መልሶታል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን በካሊፐር የሚመለስ አልነበረም።

የተጓደለውን ንጽጽር የፈጸመው እንግሊዛዊው የወህኒ ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ነው። ሥራው 12 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1913 «የእንግሊዝ እስረኛ» በሚል ርእስ ታተመ። ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞች ተለክተው፣ ውጤቱ በታወቀው የስታቲስቲክስ ሊቅ በካርል ፒርሰን የምርምር ቤት ተቀመረ። ለማነጻጸሪያም የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ተማሪዎች፣ የሆስፒታል ሕሙማንና የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር መኰንኖችና ወታደሮች ተወሰዱ። ውጤቱ የማያሻማ ነበር። ሎምብሮዞ የቈጠራቸው ምልክቶች በእስረኞቹ ላይ የታዩትን ያህል በሌሎቹም ላይ ይታዩ ነበር። በእስረኛውና በመሐንዲሱ ወታደር መካከል ያለው የራስ ቅል ልዩነት፣ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና በሌላው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መካከል ካለው የሚለይ አልነበረም።

ይሁንና ጎሪንግም በበኩሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አለፈ። እስረኞቹ ከሌላው ሕዝብ በቁመትና በክብደት አነስ ያሉ፣ በአእምሮ ፈተናም ዝቅ ያሉ ሆነው አገኛቸው፤ ይህንንም በአብዛኛው የውርስ ጉዳይ አደረገው። ነገር ግን ወህኒ ቤት ውስጥ የሚገኘው የወንጀለኛ ሁሉ ናሙና ሳይሆን የተያዘና የተፈረደበት ሰው ናሙና ነው። የሚያመልጠው፣ ጠበቃ የሚያቆመው፣ በወረቀትና በብዕር የሚሰርቀው በናሙናው ውስጥ የለም። በልጅነቱ ጠግቦ ያልበላ ሰው ቁመቱ ማነሱ ደግሞ የወንጀል ምልክት ሳይሆን የድህነት ምልክት ነው።

በአሜሪካ የሃርቫርዱ ኧርነስት ሁተን ይህን ትምህርት ሳይቀበል ቀረ። በ1939 ያወጣው ጥናት ከ13,000 በላይ እስረኞችን ወደ 3,000 ከሚጠጉ ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ሲሆን፣ ወንጀለኞች በሰውነታቸው ዝቅተኛ ናቸው ሲል ደመደመ። ከማነጻጸሪያዎቹ መካከል ግን የናሽቪል ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይገኙበት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ሥራውን ያገኙት በሰውነታቸው ብርታት ተመርጠው ነው። አንድ መሣሪያ በተዛባ ሁኔታ ከተተከለ፣ ንባቡን ሺህ ጊዜ መደጋገም ስሕተቱን አያርመውም፤ ይልቁንም በስሕተቱ ላይ ያለንን እምነት ያጸናዋል።

ከመለኪያ ወደ ቢላዋ

ክርክሩ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር። ነገር ግን «በተፈጥሮ ወንጀለኛ» የሚለው ሐሳብ በዘር ይወረሳል ከሚለው እምነት ጋር ተጣምሮ ወደ ሕግ ገባ። በአሜሪካ የኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ1907 ወንጀል የጸናባቸው የተባሉ ሰዎችና የአእምሮ ጕድለት ያለባቸው እንዳይወልዱ እንዲመከኑ ሕግ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ20ኛው ምእተ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ በእንዲህ ያለ ሕግ የመከኑት ሰዎች ቍጥር ከ60,000 በላይ ሆኗል። በጀርመንም የናዚ መንግሥት በኅዳር 1933 ገደማ «አደገኛ የልማድ ወንጀለኞች» ባላቸው ላይ ሕግ አውጥቶ፣ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ጊዜው ሳይወሰን ታስሮ እንዲቈይ ፈቀደ።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ጉዳይ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። የኦክላሆማ ክፍለ ግዛት በ1935 ባወጣው ሕግ፣ ደጋግሞ ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው እንዲመክን አዘዘ። ጃክ ስኪነር የተባለ እስረኛ በ1926 ዶሮ በመስረቅ፣ በ1929ና በ1934 ደግሞ በመሣሪያ አስፈራርቶ በመዝረፍ ተፈርዶበት ስለ ነበር ሕጉ ተጠቀሰበት። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሰኔ 1 ቀን 1942 ውሳኔ አገኘ። ዳኞቹ ያስተዋሉት ነገር ይህ ነበር፦ ዶሮ ደጋግሞ የሚሰርቅ ሰው ሲመክን፣ በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ ደጋግሞ የሚያጠፋ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሕጉ ነጻ ተደርጎ ነበር። የሌባው ጠባይ በዘር ሲተላለፍ የእምነት አጉዳዩ ጠባይ የማይተላለፍበት ምን ምክንያት አለ? ለዚህ መልስ ስላልተገኘ ሕጉ ተሻረ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ለመሐንዲስ ትልቅ ትምህርት አለ። ሕግ አውጪዎቹ ጠባይን የለኩ መስሏቸው የለኩት ኑሮን ነበር። መለኪያው ድሃውን የወንጀል ዐይነት ያነባል፤ የተማረውን የወንጀል ዐይነት ግን አያነብም።

ከራስ ቅል ወደ መጠይቅ

የራስ ቅል መለካት ከተተወ በኋላ ጠባይን በቀጥታ ለማጥናት የተደረገው ሙከራ እየበረታ ሄደ። በ1941 አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሀርቪ ክሌክሊ «የጤነኝነት ጭንብል» በተባለ መጽሐፉ ውስጥ፣ አንደበታቸው የሚማርክ፣ አእምሯቸው ጤናማ የሚመስል፣ ነገር ግን ጸጸትና ኀፍረት የማይሰማቸው ሰዎች መኖራቸውን ገለጠ። የእርሱ መግለጫ ከሎምብሮዞ የሚለየው በአንድ ታላቅ ነገር ነው፤ ከሕሙማኑ መካከል ሐኪምና ነጋዴ ጭምር ነበሩበት። ጠባዩ አንድ ሲሆን፣ አንዱን ወደ ወህኒ ሌላውን ወደ ሹመት ሊወስደው እንደሚችል አሳየ።

በ1964 ደግሞ በለንደን ያስተምር የነበረው ሃንስ አይዘንክ «ወንጀልና ጠባይ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። እንደ እርሱ አስተያየት ሕሊና ማለት ሕፃን ሲያጠፋ እየተቀጣ የሚለምደው የፍርሃት ምላሽ ነው። አንዳንድ ሰዎች በነርቫቸው አፈጣጠር የተነሣ ይህን ምላሽ ለመልመድ ይዘገያሉ፤ ወደ ውጭ የሚያዘነብለው፣ ተግባቢና ደስታ ፈላጊ የሆነው ሰው ለወንጀል የሚቀርበው ስለዚህ ነው አለ። ከእርሱ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ተግባቢነት ከወንጀል ጋር የጸና ግንኙነት እንዳለው ሊያረጋግጡ አልቻሉም፤ አንዱ ሲደግፈው ሌላው ነቀፈው።

በነዚህ መጠይቆች ውስጥ አንድ የተሰወረ ችግር አለ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ1943 የወጣው ታዋቂ የጠባይ መጠይቅ፣ ሰውየው ከሕግ ጋር ተጋጭቶ እንደሚያውቅ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ካናዳዊው ሮበርት ሄር የክሌክሊን መግለጫ መሠረት አድርጎ በ1991 ያወጣው የመመርመሪያ ዝርዝርም 20 ነጥቦች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ተሰጥቶት ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል፤ ከነጥቦቹ መካከል ግን በወጣትነት ወንጀል መሥራትና የተለያየ ዐይነት ወንጀል መሥራት ይገኙበታል። እንግዲህ ጥፋት የሠራ ሰው ከፍተኛ ነጥብ ማግኘቱ ምን ያስደንቃል? ወንጀልን በወንጀል ለክቶ ውጤቱን «ጠባይ» ማለት፣ ሕንጻውን በራሱ ጥላ ለክቶ ጥላውን የሕንጻው ምክንያት እንደ ማድረግ ነው። በ2008 በአሜሪካ በቴክሳስ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በዚሁ ዝርዝር አንድን ሰው የሚመረምሩ ባለሙያዎች በከሳሽ ወገን ሲቀጠሩ ከፍ ያለ፣ በተከሳሽ ወገን ሲቀጠሩ ዝቅ ያለ ነጥብ የመስጠት አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይቷል። የመሣሪያው ንባብ መሣሪያውን በያዘው ሰው የሚለወጥ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ወደ ዎርክሾፕ ይመለሳል እንጂ በሥራ ላይ አይውልም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በጠባይና በወንጀል መካከል ምንም ግንኙነት የለም ማለት አይደለም። አለ፤ እስከ ዛሬ ከተደረጉት ሁሉ ይበልጥ በጥንቃቄ የተሠራው ጥናትም ይህን ያረጋግጣል። በኒው ዚላንድ በዱኒዲን ከተማ በ1972ና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠኑ ቈይተዋል። የዚህ ጥናት ብልጫ ወህኒ ቤት ገብቶ አለመጀመሩ ነው፤ በከተማው የተወለዱትን ሁሉ፣ ገና ማንም ምንም ሳያጠፋ መከታተል ጀመረ። ልጆቹ ከ3 እስከ 11 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ራሳቸውን የመግዛት ችሎታቸው ምን ያህል እንደ ሆነ ተመዘነ። ዕድሜያቸው 32 ሲሆን ከመቶ 24ቱ በወንጀል ተፈርዶባቸው ነበር። ራስን በመግዛት ከሁሉ ዝቅ ካሉት አምስተኛ እጅ መካከል ከመቶ 43ቱ፣ ከሁሉ ከፍ ካሉት አምስተኛ እጅ መካከል ግን ከመቶ 13ቱ ብቻ ተፈርዶባቸው ተገኘ። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ በድህነትና በአእምሮ ፈተና ውጤት ብቻ ሊመካኝም አልቻለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። ነገሩ እንዲቀለን 1,000 ሕፃናት ብንወስድ፣ ዝቅተኛው አምስተኛ እጅ 200 ይሆናል። ከእነዚህ ከመቶ 43ቱ፣ ማለት 86ቱ፣ ተፈርዶባቸዋል፤ 114ቱ ግን አልተፈረደባቸውም። ከ1,000ው ሁሉ የተፈረደባቸው 240 ሲሆኑ፣ ከዝቅተኛው ክፍል ውጭ የመጡት 154 ናቸው። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን 200ዎቹን ልጆች «የወደፊት ወንጀለኞች» ብሎ ቢመዘግብ፣ 114 ንጹሓንን ያለ ጥፋታቸው ያጐድፋል፤ ከ240ዎቹም 154ቱን ሳያገኛቸው ይቀራል። ያው ቍጥር ግን ለሌላ ሥራ ይበቃል። 200ዎቹን ልጆች ራስን መግዛትን የሚያለማምድ ትምህርትና ለወላጆቻቸውም ድጋፍ ብንሰጣቸው፣ ከ114ቱ አንዱም አይጐዳም። በዚያው ጥናት ውስጥ በዕድገታቸው ጊዜ ራሳቸውን መግዛት የተሻሻለላቸው ልጆች ኋላ ኑሯቸው ከተጠበቀው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ ለመርዳት የሚበቃ መለኪያ ለመፍረድ አይበቃም። በሙያችን ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ወደ ደኅንነቱ ወገን እናደላለን፤ ምሰሶውን የምናወፍረው ስሕተታችን ሲሚንቶ ያባክን እንደ ሆነ እንጂ ሰው እንዳይገድል ነው። በዕርዳታ የሚደረግ ስሕተት የሚያባክነው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ በፍርድ የሚደረግ ስሕተት ግን የሚያጠፋው ሰው ነው።

በኮምፒዩተር የተመለሰው ጥያቄ

ጥያቄው በእኛ ዘመን፣ በእኛው ሙያ ሰዎች እጅ፣ እንደገና መነሣቱ ነው ይህን ታሪክ መተረክ አስፈላጊ የሚያደርገው። በ2016 በቻይና በሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች 1,856 የወንዶች ፎቶግራፎችን ለኮምፒዩተር ሰጥተው፣ ከእነዚህም መካከል 730ዎቹ የወንጀለኞች ሲሆኑ፣ ማሽኑ ወንጀለኛውን ከንጹሑ ከመቶ 90 ገደማ ትክክል ሆኖ እንደ ለየ አስታወቁ። ኮምፒዩተር ወገንተኛነትና ጥላቻ ስለሌለው ፍርዱ ከሰው ፍርድ የጠራ ነው የሚል አስተያየትም ነበራቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች የኮምፒዩተር ሊቃውንት የቀረቡትን ናሙናዎች ሲመረምሩ የ1889ኙን የፓሪስ ጥያቄ ደገሙት። የወንጀለኞቹ ፎቶግራፍ የተገኘው ከፖሊስ ሲሆን፣ የንጹሓኑ ከኢንተርኔት የተለቀመ ነበር። ናሙና ሆነው ከታተሙት ምስሎች ውስጥ ንጹሓኑ ነጭ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ የለበሱና ፈገግ ያሉ፣ ወንጀለኞቹ ደግሞ ያለ ኮሌታና ፊታቸውን ያጠቈሩ ነበሩ። ማሽኑ ፈገግታንና ልብስን ለይቶ ሊሆን ይችላል፤ ወንጀልን ስለ መለየቱ ግን ማስረጃ አልነበረም። ከሎምብሮዞ ካሊፐር እስከ ኮምፒዩተሩ ያለው ርቀት እጅግ ትልቅ ቢሆንም፣ የተጓደለው ነገር አንድ ነው፤ በአንድ ዐይነት ሁኔታ የተወሰደ ማነጻጸሪያ።

በአገራችን

የጥፋተኛን ምልክት በመሣሪያ የመፈለግ ፍላጎት የአውሮፓ ብቻ አልነበረም። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የተባለ ልማድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አንድ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፣ የጠፋውንም ዕቃ ይከፍላል። መድኀኒቱ ይሠራ እንደ ሆነ የሚመሰክረው የተገኘው ሌባ ነው፤ ሰውየው ሌባ ለመሆኑ የሚመሰክረው ደግሞ መድኀኒቱ ነው። ክቡ በዚሁ ይዘጋል። ልማዱ ዛሬ ቀርቷል፤ ነገር ግን ከላይ ያየናቸውን መጠይቆች ያነበበ ሰው በሌባሻይ ላይ ሊስቅ የሚችለው በጥቂቱ ብቻ ነው።

የዘመናዊው ሕጋችን አቋም ደግሞ ይህን ሁሉ ታሪክ በውስጡ የያዘ ነው። በስዊዙ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅነት ተዘጋጅቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን ተክቶ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ዳኛው ቅጣትን ሲወስን የጥፋቱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የጥፋተኛውን የአደገኛነት ዝንባሌ፣ የቀድሞ ሕይወቱን፣ ያነሣሣውን ምክንያትና የትምህርቱን ደረጃ እንዲመለከት ያዝዛሉ። ስለ ጥፋተኛው አደገኛነት የሚነገረው ቃል ከሎምብሮዞ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በአውሮፓ ሕጎች በኩል የመጣ ሐሳብ ያለበት ነው። ይሁን እንጂ ሕጋችን ሐሳቡን የተቀበለው ገድቦ ነው፤ አደገኛነት የሚመዘነው ጥፋቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያውም ከሌሎች ነገሮች ጋር አብሮ ነው። ያልሠራን ሰው በጠባዩ ጥፋተኛ የሚያሰኝ ቃል በውስጡ የለም።

ከዚህም በላይ ሁለቱም ሕጎች አንድ ሰው ለሥራው ኃላፊ ሊሆን መቻሉ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያስመረምር ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ እንጂ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም። ይህን ድንጋጌ ያነበበ መሐንዲስ የራሱን የሥራ ድንበር ተጽፎ ያገኘዋል። የናሙናውን ጥንካሬ ለክቶ ማስታወቅ የላቦራቶሪው ሥራ ነው፤ ሥራ ተቋራጩ አጭበርብሯል ወይስ ተሳስቷል የሚለውን መፍረድ ግን የላቦራቶሪው ሥራ አይደለም።

በቱሪን ከተማ በሎምብሮዞ ስም በቆመው ሙዚየም ውስጥ የቪሌላ ቅል ዛሬም ይገኛል። የትውልድ ከተማው ቅሉ ተመልሶለት እንዲቀበር ክስ አቅርባ፣ በ2012 ተፈርዶላት የነበረ ቢሆንም ፍርዱ በይግባኝ ተሽሯል። ሰውነቱን ለሳይንስ የተናዘዘው የሎምብሮዞ ዐፅምም በዚያው ጣሪያ ሥር ቆሟል። አንደኛው በፈቃዱ፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃዱ።

እንግዲህ ጠባይ ከወንጀል ጋር ግንኙነት አለውን ተብሎ ቢጠየቅ፣ አዎን፣ አለው፤ ቢያንስ ራስን የመግዛት ችሎታ እንዳለው ተረጋግጧል። በዚህ ግንኙነት ተመርተን ትምህርት ቤትና የሕፃናት ማሳደጊያ ብንሠራ መለኪያው አያሳፍረንም። በዚያው ግንኙነት ተመርተን በአንድ ሰው ላይ እንድንፈርድ የሚያስችል መሣሪያ ሥሩ የሚለን ቀጣሪ ወይም ባለሥልጣን ሲመጣ ግን፣ ንባቡ ከማን ጋር እንደ ተነጻጸረ፣ መሣሪያው ማንን እንደማያነብና ስሕተቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ እስካልተገኘ ድረስ መሣሪያውን አለመሥራት ይሻላል።